አንድ ዓይን የቀራት አያቴ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የሰማይ ርቀት፣ የምድር ስፋት ያህል ሰላምታዬ ይድረስሽ። አያቴ አጠገቧ አስቀምጣ ደብዳቤ ስታጽፈን ሁልጊዜ በዚህ ነበር የምትጀምረው። እኛ ደግሞ ቶሎ ጨርሰን ለመጫወት ስንቸኩል «እማማ፣ ይህንን ተይውና ዋናውን ንገሪን» እንላት ነበር። ዛሬ ዋናውን ለመናገር ብዕር ሳነሳ ነው ሰላምታው ለምን እንደሚረዝም የገባኝ።

አምስት ዓመት ሙሉ ስልክሽን ያላነሳሁት ተቀይሜሽ አይደለም። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን አምስት ኪሎ ልውሰድሽ።

ስትሄጂ ጡት ያልጣለው ልጄ አሁን ሦስተኛ ክፍል ነው። አስተማሪው ስለ ድንቅነሽ ጽፈህ ና ብሎት አንድ ቅዳሜ ይዤው ብሔራዊ ሙዚየም ሄድኩ። ምድር ቤቱ በተማሪ ተጨናንቆ መተንፈሻ የለም። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እመቤት በመስታወቷ ውስጥ ቆማለች፣ ልጆቹ ይገፋፋሉ። ለእይታ የቀረበው ቅጂው ነው፣ እውነተኛው አጥንት በካዝና ይጠበቃል ብዬ ሳስረዳው ልጄ ቀና ብሎ አየኝና «ታዲያ ለምን መጣን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እንውጣ ስንል ደግሞ ዝናቡ ወረደ፤ ጃንጥላ አልያዝንም። እስኪያባራ ብለን ደረጃውን ወጣን።

አንቺ ከዚያ ፎቅ ስንት ጊዜ ልታደርሺኝ ሞክረሽ ነበር! «ሁላችሁም አጥንት አይታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሥዕሎቹ ግን ከራሷ በላይ ተሰቅለው ይጠብቋችኋል» ትይኝ ነበር። እውነትሽን ነው። ከታች ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከላይ እኔና ልጄ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ጥበቃና የጣሪያው የዝናብ ድምፅ ብቻ። የአፈወርቅ ተክሌን «የአፍሪካ ቅርስ» ፊት ለፊት አገኘነው። (ማዕረጋቸውን በሙሉ ባለመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። «እጅግ የተከበሩ» ብዬ ከጀመርኩ ወረቀቱ አይበቃኝም።) ከአንኮበር ተነስተው፣ የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ እንግሊዝ ተልከው ሠዓሊ ሆነው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ድፍረታቸውን አደንቃለሁ። ግን እንደ ድሮው ልከራከርሽ፦ የእሳቸው ሥዕል ለእኔ ንግግር ያደርግብኛል። መድረክ ላይ እንደቆመ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። በአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ላይ ይህ ያምርበታል፤ 150 ካሬ ሜትር መስታወት ማንሾካሾክ አይችልም። ከሥዕል ጋር ብቻዬን ስቀመጥ ግን ዝቅ ብሎ የሚያወራኝን እመርጣለሁ። አሁን እዚያ ሆነሽ ራስሽን እየነቀነቅሽ እንደሆነ ይታየኛል።

ዝናቡ አባርቶም አልወጣንም። እኔ፣ ሥዕል ከመጋረጃ አስበልጬ የማላውቅ ሴት፣ ሰዓቴን ሳላይ ቆየሁ። ያን ጊዜ የምትነግሪኝ ሁሉ እየተመለሰ መጣ። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምረው በ1925 ሲመለሱ የዘይት ቀለምና ሸራ ይዘው የገቡበት አገር ሥዕል ሲባል የቤተ ክርስቲያን ግድግዳን ያስብ እንደነበረ። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተመልሰው መጀመሪያ በቤታቸው ማስተማራቸውን፣ ከዚያ በ1950 የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ መከፈቱን፣ አንቺም ከዓመታት በኋላ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ሆነሽ ጣትሽ ሁልጊዜ ቀለም እንደነካው ከእኛ ቤት ምሳ መብላትሽን። አያቴ «ይህች ልጅ እጇን አትታጠብም እንዴ?» ትል ነበር፤ ታስታውሻለሽ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄ ራሱ «እንሂድ» አለኝ። ዳገቱን ይዘን ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገባን፤ የጥንቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። የንጉሡን መኝታ ቤት በአጥር አሻግረን አየን። ልጄን የገረመው ግን አልጋው ሳይሆን መታጠቢያ ቤቱ ነው። ከዚያ ሥዕለ አድኅኖዎቹ ጋ ደረስን። እንጨት ላይ የተሳሉ፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፉ፣ አንዳንዶቹ በደረት የሚንጠለጠሉ ትንንሾች። ስንት ዘመን ዕጣን ጠግበዋል፣ ስንት ከንፈር ስሟቸዋል፤ የአንዳንዶቹ ቀለም ጠቁሮ የእመቤታችን ዓይን ብቻ ከጨለማው ውስጥ ያያል። እዚያ የሚሠሩ አንዲት ሴት ልጄ ጣቱን ሲያስጠጋ በቀስታ እጁን ይዘው «ጭሱን ችለውታል፤ የማይችሉት እርጥበት ነው» አሉት። ለእሱ የተነገረው ለእኔ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከዓድዋው ሥዕል ፊት ደግሞ እንዲህ ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ፣ ምኒልክ ከነጥላቸው፣ ጣይቱ በፈረስ፣ የእኛ ሰው በአንድ በኩል፣ ጣሊያኖቹ በሌላው። ልጄ ለረጅም ጊዜ አየና «እማዬ፣ ጣሊያኖቹ ለምን አንድ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?» አለኝ። አንቺ ያስተማርሽኝን እኔ አስተማርኩት፦ በአባቶቻችን አሳሳል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ተመልካቹ ያዞራል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይን ነው ያለው። በመጨረሻው እራት ይሁዳም እንደዚያ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ሙዚየሙን ሁሉ ዓይን እየቆጠረ ዞረ።

እዚያው አካባቢ ያለውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ብቻዬን ነው ያየሁት። ሐረር የተወለዱ፣ የብራና መጻሕፍት ያስጌጡ የነበሩት የአለቃ ደስታ ልጅ፣ ቅርጽ የሌለው ሥዕል ሠርተው ሰውን ግራ ያጋቡት ሠዓሊና ባለቅኔ። በደርግ ጊዜ ከአገር ወጡ፣ በ1973 ኦክላሆማ ውስጥ አረፉ። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቻቸው ግን ተጠብቀው ቆይተው እዚህ ተመለሱ፤ ማዕከሉም በ2000 ተከፈተ። ቀዩን፣ ጥቁሩን፣ ክቡን ሁሉ ተረድቼዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። እኔን ያቆመኝ ሌላ ነገር ነው። ባለቤታቸው በሞቱባቸው ሥዕሎች ላይ እነዚያ የባዕድ ሰዎች ውኃ አላፈሰሱባቸውም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ።

ስትሄጂ ሦስት ሥዕል አደራ ሰጥተሽኛል። በሁለተኛው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ እንዳስቀመጥኳቸው አልተመለከትኳቸውም፤ መስከረም ላይ ሽታው ነው የጠራኝ። ሁለቱ ከዳር ነበሩና ተርፈዋል። አያቴ ሰፌድ ይዛ በረንዳው ላይ የተቀመጠችበት ግን ሻጋታ በላው። ልብሽ ሳይነግርሽ አልቀረም፣ በዚያው ሰሞን ደውለሽ «ሥዕሎቼ ደህና ናቸው?» አልሽኝ። «ደህና ናቸው» አልኩሽ። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ ጠየቅሽኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ። ሦስተኛውን ፈራሁና ስልክ ማንሳት ተውኩ። አደራ በላ ሆኜ ከምሰማሽ ጨካኝ ጓደኛ ብመስልሽ ይሻላል አልኩ፤ እንዴት ያለ ስሌት ነው!

ሥዕሉን ግን አልጣልኩትም። ያለፈው እሁድ ልጄ ሌላ ነገር ሲፈልግ አገኘው። የፊቷ ግራ ጎን ከነዓይኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፣ ቀለሙ ተቀርፎ ሸራው ብቻ ቀርቷል። ቀኙ ግን እንዳለ ነው፤ ያ የሚስቅ ዓይኗ። ወለሉ ላይ ዘርግቶ ቁጭ ብሎ ያየዋል። «ይቺ የአንቺ አያት ናት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ትንሽ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክፉ ነበረች እንዴ?» አለኝ።

በዚያ ሌሊት ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት፤ ይህ አራተኛው ወረቀት ነው።

ብሩሽ ከያዝሽ ብዙ ዓመት እንደሆነሽ ከእናትሽ ሰምቻለሁ። ፋሲካ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። የምትኖሪባት ዋሽንግተን ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እስኪሞቱ የኖሩባት ከተማ ናት ትይኝ ነበር፤ በአጠገብ ማለፍሽ ብቻ ምንም ስሜት አይሰጥሽም? ይህ ምክር አይደለም፣ ምክር የመስጠት መብት የለኝም። ሁለቱን ሥዕሎች በንጹሕ ነጠላ ጠቅልዬ ከመሬት ከፍ አድርጌ ሳሎን አስቀምጫቸዋለሁ፤ ጣሪያውም ተሠርቷል። በእጅሽ እንዲደርሱ ከፈለግሽ ሰው አገኛለሁ።

ስለ ሦስተኛው ግን የምትይውን እጠብቃለሁ። ልጄ እንዳይጣል ለምኖኛል፤ ለእሱ ሠዓሊዋ መጥታ ሌላኛውን ዓይን የምትስልበት ቀን ቀጠሮ ያለው ይመስለዋል። ደግሞ የሻሿን ቀለም ጠየቀኝ፤ በግራ በኩል ጠፍቶ በቀኙ ደብዝዟል። እኔ ሰማያዊ ነበር አልኩት፣ እናቴ አረንጓዴ ነው ትላለች። ሌላ ምንም ባትጽፊልኝ ይህንን ጻፊልኝ፤ ያን ሻሽ በምን ቀለም ነበር የቀባሽው?

ጓደኛሽ