አብሮሽ የሚኖር ሰው የሚጾምበትን ቀን እወቂ

አዲስ አበባ፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽና እህትሽ ሰላም ብለውሻል።

በስልክ የጠየቅሽኝ ነገር በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ሕንድ፣ ፑኔ ስትደርሺ ከተማው በከበሮ እየተናጠ ነበር። ከጳጉሜን 1 በኋላ ግን ጭር አለ፣ ሱቆቹም ገበያ የላቸውም፤ «ሰዉ ምን ሆነ?» አልሽኝ። አብራሽ የምትኖረው የቢሃር ልጅ ደግሞ ስለ እናቷ ጾም ነግራሽ ተጨንቀሻል። እኔም እዚያው ከተማ ስማር ከሰዉ ጋር ያስተዋወቀኝ ይሄ ወቅት ነው።

ያ ሁሉ ከበሮ የጋኔሽ በዓል ነው። ጋኔሽ የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው ነው። እንቅፋት ያነሳል ብለው ስለሚያምኑ ማንኛውም ሥራ ሲጀመር ስሙ ይጠራል። ድሮ በዓሉ በብዛት በየቤቱ ነበር የሚከበረው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ቲላክ የሚባለው የፑኔው ታጋይ ሰፈር ለሰፈር አደባባይ እንዲወጣ ቀሰቀሰ። እንግሊዞች ሕንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን ሕዝቡን በአንድ ቦታ የሚያሰባስብ ነገር ነበር። ፑኔ ላይ እንዲያ የሚደምቀው ለዚህ ነው። የመጨረሻው ቀን ሰልፍ ብቻውን ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል።

አሁን ያለሽበት ጸጥታ ግን ለእኔ ከከበሮው ይበልጣል። ፒትሩ ፓክሽ ይባላል፤ ሙታን የሚታሰቡበት ሁለት ሳምንት ነው። ሠርግ አይደገስም። ቤት፣ መኪና፣ ወርቅ የሚገዛ ሰው ይቀንሳል። ሱቆቹ ጭር ያሉት ለዚህ ነው። ሟች የሚታሰበው በሞተበት የጨረቃ ቀን ነው፤ ጨረቃ መጉደል በጀመረች በሰባተኛው ቀን ያረፈ በሰባተኛው፣ በአሥረኛው ያረፈ በአሥረኛው። የሞተበት ቀን የማይታወቅ ሰውስ? ለእሱ ጨረቃ የምትጠፋበት የመጨረሻው ቀን አለለት። ዘንድሮ መስከረም 11 ይውላል። የሚያስታውሰው ያጣ ሁሉ በዚያ ቀን ይታሰባል።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ሽማግሌ ሴት ነበሩ፤ አጂ እንላቸዋለን፣ አያቴ እንደማለት። ባላቸው የሚታሰቡበት ቀን ሲደርስ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ያበስላሉ። ሩዙን፣ ምስሩን፣ በወተት የተሠራውን ጣፋጭ በቅጠል ላይ አድርገው ሰገነት ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ቁራ ይጠበቃል፤ ሟቹ በቁራው በኩል ይቀምሳል ብለው ያምናሉ። ቁራ ሳይቀምሰው ከቤቱ ሰው ማንም አይበላም። ሲዘገይ አጂ ባላቸውን ጮክ ብለው ያናግሯቸዋል፤ «ምን ቀረብዎት? ልጁን እንደሆነ እድረዋለሁ፣ አይጨነቁ» ይላሉ። ቁራው መጥቶ ሲነካው ቤቱ ሁሉ እፎይ ይላል። ያኔ የእናቴን ተዝካር አውጥቼ ብዙም ሳልቆይ ነበር የሄድኩት። እምነታችን የተለያየ ነው፤ የእሳቸው ሐዘን ግን ከእኔ ምንም አልተለየብኝም። አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ቁራውን እጠብቅ ነበር።

ስለዚህ መስከረም 9 የልደትሽን ድግስ ለሕንድ ጓደኞችሽ አትደግሺ። እምቢ አይሉሽም፤ ግን ይከብዳቸዋል። ከ12 በኋላ አድርጊው።

የጓደኛሽ እናት የምትጾመው ጂቲያ ይባላል። በቢሃር፣ በጃርካንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ምሥራቅና በኔፓል እናቶች ለልጆቻቸው ዕድሜ ብለው ይጾሙታል። ዘንድሮ ነገ ነው፣ መስከረም 4። እስከ ማግስቱ ድረስ ውሃ እንኳ በአፏ አይዞርም። ከጾሙ ጋር የሚነገር ታሪክ አለ። ጂሙትዋሃና የሚባል ልዑል አንዲት የእባብ እናት ስታለቅስ ያገኛታል። ጋሩዳ የተባለው ታላቅ ወፍ አንድ ልጇን ሊበላባት ተራው ደርሷል። ልዑሉ በልጁ ፈንታ ራሱን ሰጠ፤ ወፉም በዚህ ተነክቶ ተወው። እኔ እናት ስለሆንኩ ይሄን ስሰማ ሆዴ ይባባል። ነገ ማታ ጓደኛሽ እናቷ ጋ እንድትደውል አስታውሻት። እናቷ ጾም ላይ ናትና በጓደኛሽ ፊት የምሳ ዕቃሽን አትክፈቺ።

አሁን ደግሞ አንቺን በቀጥታ የሚነካሽ። ረቡዕና ዓርብ ስትጾሚ ካፍቴሪያው «የጾም ምግብ» ብሎ የሚሸጠውን ዝም ብለሽ እንዳትገዢ። በእኛ ጾም እህሉ ይፈቀዳል፣ ወተትና ቅቤ ይከለከላል። በእነሱ ብዙዎቹ የጾም ቀኖች ደግሞ እህሉና ጥራጥሬው ይቀርና ወተቱ፣ እርጎው፣ ንጥር ቅቤው ይፈቀዳል። ሳቡዳና ኪችዲን ታገኚዋለሽ፤ ከካሳቫ ሥር የሚሠራ ነጭ እንክብል ነው፣ ከኦቾሎኒና ከድንች ጋር ይጠበሳል። በጣም ይጣፍጣል። ግን ብዙ ጊዜ በቅቤ ስለሚሠሩት «በዘይት አድርጉልኝ» በይ። ሙዝና ስኳር ድንች ደግሞ ለሁለታችሁም ይሆናል።

ጾማቸው እንደኛ ለሁሉም በአንድ ላይ የታወጀ አይደለም። አንዱ ሰኞን ለሺቫ ይጾማል፣ ሌላዋ ጨረቃ ከሞላች በኋላ አራተኛውን ቀን ለጋኔሽ ይዛ ጨረቃ እስክትወጣ ትቆያለች። ብዙዎች የጨረቃዋን አሥራ አንደኛ ቀን፣ ኤካዳሺን፣ በወር ሁለቴ ይይዛሉ። ስለዚህ ጠይቂ። «ዛሬ ኡፕዋስ ነሽ?»፣ ጾም ላይ ነሽ ወይ፣ ስትያት ፊቷ ሲፈካ ታያለሽ።

ናቭራትሪ፣ ማለትም ዘጠኙ ሌሊት፣ መስከረም 12 ይገባል። ዘንድሮ አንዱ የጨረቃ ቀን ስለረዘመ አሥር ቀን ሆኗል። በየቤቱ በሸክላ አፈር አድርገው እህል ይዘራሉ፤ በዓሉ ሲያልቅ ቡቃያው አድጎ ይታያል። ሴቶቹ ለየቀኑ የተመደበ ቀለም ይለብሳሉ፤ ይሄ በእኔ ጊዜ አልነበረም፣ በኋላ በጋዜጣ የተስፋፋ ነው። ማታ ማታ ጋርባ ይጨፈራል፣ በክብ እየዞሩ። ዋናው አገሩ ጉጃራት ነው። በኮልካታ ደግሞ ይሄው ሳምንት ዱርጋ ፑጃ፣ የሴት አምላካቸው የዱርጋ በዓል፣ ነው። የእኛ ደመራ ዘንድሮ በመሀሉ ይገባል። መስቀልን ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 መዘገበው፣ ዱርጋ ፑጃን በ2021፣ ጋርባን በ2023። መስከረም 16 ማታ ነጭ ልብስሽን ለብሰሽ ስለ ደመራ ንገሪያቸው፤ እነሱም የሚነግሩሽ እሳት አላቸው። መስከረም 22፣ የናቭራትሪ መዝጊያ በሆነው በዳሴራ፣ በሰሜን ሕንድ በታሪካቸው ክፉ የሚባለውን ንጉሥ የራቫናን ትልልቅ ምስል በየሜዳው ያቃጥላሉ።

ፑኔ ላይ በዚያ ቀን አፕታ የሚባል ዛፍ ቅጠል ይሰጡሻል። ወርቅ ነው ይሉሻል። በቀኝ እጅሽ ተቀብለሽ አንቺም ስጪ። የሥራ መሣሪያና መጽሐፍም በአበባ አጊጦ ይከበራል።

ፕራሳድ ሲሰጡሽ ምን ታደርጊያለሽ? በአማልክቶቻቸው ፊት የቀረበ ምግብ ነው። ይሄን ለነፍስ አባትሽ ደውለሽ ጠይቂ። እኔ በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ ለጎረቤት ልጆች እሰጥ ነበር። ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም። ፊትሽን አጥቁረሽ «አልበላም» ማለት ግን አይገባም።

ቀኖቹ በየዓመቱ ለምን እንደሚቀያየሩም ጠይቀሽኛል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ያንሳል። በባሕረ ሐሳብ ጥንተ አበቅቴ የምንለው 11 ይሄው ልዩነት ነው። የረመዳን ጾም በዚህ ምክንያት ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ሕንዶቹ ግን በየሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ አንድ ወር ስለሚጨምሩ በዓላቸው ከወቅቱ አይወጣም። የሚቀጥለው ጭማሪ ከመጪው ክረምት በፊት ስለሚገባ፣ የ2019 ጋኔሽ መስከረም 4፣ ናቭራትሪው ደግሞ ጥቅምት 1 ይሆናል። የፈተና ፕሮግራምሽን ስታዪ ይሄን አስቢበት።

አንድ ነገር ቀረኝ። መስከረም 26 ማታ ሙሉ ጨረቃ ናት። ኮጃጊሪ ብለው ሳፍሮን የገባበት ወተት ጨረቃ ሥር ይጠጣሉ፤ ይጋብዙሻል። በዚያው ቀን የእኛ ጽጌ ይገባል። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ካሁኑ ወስኚና አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በወተቱ ፈንታ ኦቾሎኒ ያስቀሩልሻል። የወሰንሽውን ደውለሽ ንገሪኝ። ሽሮና በርበሬ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ለጓደኛሽ እናት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጾሟን እግዚአብሔር ይቁጠርላት በያት።

እናትሽ