የኅዳር ጉዞ ወደ ዛንዚባር

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ

ይድረስ ለውድ እህት ዓለም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ ብዕር ሳነሣ አስቀድሜ ማለት ያለብኝ አንድ ነገር አለ። እናትሽ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩሽም። ያን ሰሞን የያዘኝ ሥራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የያዘኝ ኀፍረት ነው። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስል ቀኑ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነና ድምፅሽን ለመስማት የሚያበቃ ፊት አጣሁ። በድያለሁና ይቅር በይኝ።

አሁን እንድጽፍልሽ ያደፋፈረኝ የስድስት ኪሎው ቃላችን ነው። ባሕር ሳናይ አናረጅም ተባብለን ነበር። አንቺም እኔም ጠጉራችን መሸበት ጀምሯልና ቦታውንም ወቅቱንም መርጬ እነሆ አቀርብልሻለሁ፤ ዛንዚባር እንሂድ፣ መኪና ተከራይተን ደሴቲቱን እንዙር፣ ጊዜውም ጎብኚ በሚቀንስበት በኅዳር ይሁን።

ባለፈው ዓመት ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ዳሬ ሰላም ሄጄ በመርከብ ተሻግሬ ሁለት ቀን አድሬባት ነበር። ያረፍኩት በምሥራቁ ዳርቻ ነው። ረፋዱ ላይ ልዋኝ ወጣሁና ባሕሩን አጣሁት፤ ሌሊቱን ከመስኮቴ ሥር ሲጮኽ ያደረው ውኃ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቶ ከአድማስ ጋር ነጭ መስመር ሆኗል። በእርጥቡ አሸዋ ላይ ስከተለው የባሕር ጃርት ረገጥኩ። በተተከሉ አጫጭር እንጨቶች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ሲያስሩ የነበሩ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው ወደ መንደር መለሱኝ፤ ጥሬ ፓፓያ በቢላዋ ጫር ጫር አድርገው ነጩን ወተት እሾሁ በገባበት ላይ አንጠባጠቡልኝ። በቋንቋ አንግባባም፤ እሳቸው ግን እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው ሕመሙ እስኪበርድልኝ ድረስ አልተነሡም። የዚያን ዕለት ያሰብኩት አንቺን ነው።

እቅዴን የሠራሁት እዚሁ ሰፈራችን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ ነው። በዛንዚባር ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉ። ትልቁ ማሲካ ይባላል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አብዝቶ ስለሚዘንብ አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሹን ይዘጋሉ። ርካሽ ቢሆንም እሱን አልመርጥም። ትንሹ ቩሊ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ሰዓት ወርዶ ፀሐይ የሚከተለው ዝናብ ነው፤ የእኛን ሐምሌ ለኖረ ሰው የሚያስፈራ አይደለም። ደግሞም ኅዳር በሁለት ነፋሳት መካከል ይውላል፤ ከደቡብ የሚነፍሰው ኩሲ ያባራል፣ ድሮ የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎችን ጀልባ ያመጣ የነበረው የሰሜኑ ካስካዚ ገና አይበረታም፤ ስለዚህ ባሕሩ የረጋ ነው። ዋጋውም ከሐምሌና ከገና ሰሞን ይቀንሳል፤ ለሁለታችን ደመወዝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ከኅዳር 1 እስከ 14 ባለው ጊዜ ደርሰን እንመለስ። ረቡዕና ዓርብ አትጨነቂ፤ ቦሎቄውን በኮኮናት ወተት የሚሠሩት አሠራር ለጾመኛ የታሰበ ይመስላል።

ማረፊያዎቻችንን ከሦስት አላስበለጥኩም። ፔምባም ትጨመር የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ ቅርንፉዷ የታወቀ ደሴት ናት፣ ነገር ግን በስምንት ሌሊት ሁለት ደሴት ማለት ቀናችንን ወደብ ላይ መጨረስ ነውና ተውኩት። መጀመሪያ ሁለት ሌሊት በስቶን ታውን፣ በአሮጌው የዛንዚባር ከተማ፣ እንደር። ያለ መኪና ነው የምንቆየው፤ ጀጎልን ለምታውቂ ለአንቺ መንገዱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እዚያ የነበረው የባሪያ ገበያ በ1873 እ.ኤ.አ. ከተዘጋ በኋላ በቦታው ላይ ካቴድራል ተሠርቷል፤ በግቢው ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የድንጋይ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ቆመዋል። ያን ጊዜ ብቻዬን ስለነበርኩ ብዙ መቆም አልቻልኩም፤ ከአንቺ ጋር ግን ደግሜ ማየት እፈልጋለሁ።

በሦስተኛው ቀን መኪናችንን ተረክበን ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንነዳለን። በመንገዳችን ላይ ጆዛኒ የሚባል ደን አለ፤ በዓለም ላይ በዛንዚባር ብቻ የሚገኘው ቀይ ጉሬዛ እዚያ ይኖራል። ከዚያ አራት ሌሊት ጃምቢያኒ በምትባል የባሕር ዳር መንደር እናድራለን። አራቱን ያበዛሁበት ምክንያት የባሕሩ መሸሽና መመለስ ነው። ጨረቃ በምትሞላበትና በምትወለድበት ሰሞን ውኃው ከሁሉም ይበልጥ ይሸሻል፤ በዚያ አካባቢ ያን ሰሞን ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ርቆ ይሄድና 10 ሰዓት ገደማ ሞልቶ ይመለሳል። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ስለሚዘገይ በደብተሬ ላይ የእያንዳንዱን ቀን ጽፌዋለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁለቱ አንዱ መውደቁ ስለማይቀር ጃምቢያኒን በዚያ ላይ አድርጌያለሁ፤ ጠዋት ከአረም አብቃዮቹ ሴቶች ጋር በአሸዋው ላይ እንሄዳለን (ጫማ አድርገን!)፣ ከሰዓት በኋላ እንዋኛለን። ሰዓት ለመጠየቅም አትቸገሪ፤ ስዋሂሊዎች እንደኛ ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ የእነሱ «ሳ ሞጃ» የእኛ አንድ ሰዓት ነው። ይህን ስሰማ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች በሰሜን ጫፍ በኑንግዊ ናቸው። እዚያ ውኃው ብዙም ስለማይሸሽ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል፤ ነገር ግን ሆቴል የበዛበት ነውና ሁለት ሌሊት ይበቃናል።

መንዳቱን በአብዛኛው ላንቺ ትቼዋለሁ፤ ከእኔ የረጋሽ ነሽ። መኪና በግራ በኩል ስለሚነዳ አደጋው የሚያሰጋኝ በትልቁ መንገድ ላይ ሳይሆን ጠዋት ከጊቢ ወጥተን ባዶ መንገድ ላይ ስንታጠፍ ነው፤ እኔ አጠገብሽ ሆኜ በየመታጠፊያው «ግራ» እላለሁ። መብራት የሌለው ብስክሌትና ከብት ስለሚበዛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ እንቁም። የአገሩን ጊዜያዊ የመንጃ ወረቀት አከራዩ ያወጣልናል፤ ፖሊስ ደጋግሞ ስለሚጠይቅ ከእጅ አይለይም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ የውጭ እንግዳ 44 የአሜሪካ ዶላር የመድን ክፍያ እንዲከፍል ተደርጓል። ከቦሌ በቀጥታ ሲበረር ሦስት ሰዓት አይሞላም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በመስከረም መጨረሻ ድሬዳዋ እመጣለሁ። እናትሽ መቃብር ወስደሽኝ ሻማ ላብራ፤ የዚያን ዕለት ማታ እቤትሽ ተቀምጠን ካርታውን አብረን እናየዋለን። ጃምቢያኒን አራት ማድረጌ ካልተስማማሽ ያኔ እንቀንሰዋለን። እስከዚያው ፓስፖርትሽ የሚያበቃበትን ቀንና የዓመት ፈቃድሽ ስንት ቀን እንደቀረ ብቻ ጻፊልኝ።

ናፋቂ እህትሽ