ጉዳዩ፦ በኔፓል ከካትማንዱ ወደ ፖካራ ስለተከፈለበትና ጭራሽ ስላልተቆረጠው የአውሮፕላን ትኬት

ለጉዞ ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ዱባይ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

የጉዞው ውል፣ ደረሰኙና ከሽያጭ ሠራተኛችሁ ጋር የተለዋወጥናቸው መልእክቶች በእጃችሁ ስለሚገኙ ነገሩን ከመነሻው አልተርክም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ፣ በከፈልንበት አውሮፕላን ፋንታ በአውቶቡስ ስለተጓዝን ገንዘብ እንዲመለስልን ላቀረብኩት ጥያቄ ባለፈው ሰኞ ከቢሮአችሁ የደረሰኝ አጭር መልስ ነው። መልሱ «የትራንስፖርት ለውጡ የተደረገው ለደንበኞች ደኅንነት ሲባል ስለሆነ ተመላሽ የሚሆን ገንዘብ የለም» ይላል። ከዚህ በፊት በስልክ ጭጋግ ነው ተባልኩ፤ ቢሮአችሁ በአካል ስመጣ አየር መንገዱ ነው የሰረዘው ተባልኩ፤ አሁን ደግሞ ደኅንነት ሆነ። አንድ እውነተኛ ምክንያት ቢኖር ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሱው ይነገረኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሸጣችሁልን ጥቅል ላይ «ከካትማንዱ ፖካራ በአውሮፕላን፣ በስተቀኝ መስኮት ዳር» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። መስኮቱ በስተቀኝ እንዲሆን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አብራኝ የምትሠራ የፖካራ ተወላጅ አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ሲበር የሂማላያ ተራሮች በስተቀኝ እንደሚታዩ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። የጉዞውንም ወር የመረጠችልን እሷ ናት፤ በኔፓል ክረምቱ እንደ እኛው አገር ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚዘንብ፣ ዝናቡ ሲያባራ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ተራሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ታላቅ እህቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ሌሎች ጎብኚዎች ለቀናት በእግር እየወጡ የሚያዩትን የአናፑርና ተራሮች በቅርብ የማየት ዕድሏ ያ የሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ በረራ ብቻ ነበር። ይህንንም ለሽያጭ ሠራተኛችሁ በጽሑፍ አስረድቼ፣ «እህትዎን መስኮቱ ጋ እናስቀምጣቸዋለን» የሚል መልስ አግኝቻለሁ።

በጉዞው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ከሆቴላችን የወሰደን ሾፌር አየር ማረፊያ በማድረስ ፋንታ አውቶቡሶች የሚነሡበት መንገድ ዳር አወረደን። ተሳስቶ መስሎኝ ለእናንተ ተጠሪ ደወልኩ። «በረራው በጭጋግ ምክንያት ተሰርዟል፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጣችሁ ቶሎ ግቡ» አለኝ። እኔ በቆምኩበት ቦታ ሰማዩ ላይ ኮከብ ይታይ ነበር። ጭጋግ ከሆነ እስኪገፈፍ አየር ማረፊያ ሄደን ብንጠብቅ እንደምንመርጥ፣ ወደ ፖካራ በቀን ውስጥ በርካታ በረራዎች እንዳሉም ስለማውቅ በሚቀጥለው ቢያሳፍረን ቅር እንደማይለን በትሕትና ነገርኩት። የመለሰልኝን ቃል በቃል እጽፍላችኋለሁ፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ሁሉ ጩኸት ተራራ ለማየት ነው? አገርሽ ተራራ ሞልቶ የለም እንዴ?» እህቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ፣ «ልጄ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ ያን ሁሉ መንገድ መቀመጥ አልችልም» ብትለው፣ «እማማ፣ ካልቻሉ ቤትዎ ይቀመጡ ነበር» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። እህቴ ልጆች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች፣ በሠፈሯ ሰው ሁሉ ተነሥቶ የሚቀበላት ሴት ናት። ስልኩን መልሳ ስትሰጠኝ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን የእናንተን ድርጅት አምኜ ለዚህ ቃል እንዳበቃኋት እያሰብኩ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ።

በካትማንዱና በፖካራ መካከል ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን በማስፋፊያ ሥራ ላይ ስለነበረ የተቆፈረ፣ በየቦታው አንዱ ወገን እስኪያልፍ ሌላው ቆሞ የሚጠብቅበት ነበር። የተሰጠን ወንበር ከኋላ ጎማው በላይ ስለሆነ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እህቴ ጉልበቷን በሁለት እጇ ትይዝ ነበር። የእጅ ሻንጣዬን ወለሉ ላይ አስተኝቼ እግሯን እላዩ ላይ ዘረጋሁላት። ከቀትር በኋላ አቧራው በመስኮቱ እየገባ ነጠላዋን አፈር አስመሰለው። ፖካራ የደረስነው ጨለማው ከወደቀ በኋላ በመሆኑ፣ በዚያው ቀን ሊደረግ በጥቅሉ የተጻፈው የፌዋ ሐይቅ የጀልባ ጉዞና ከሐይቁ ማዶ ኮረብታው ላይ ያለው የሰላም ፓጎዳ ጉብኝት ቀረ። ማንም አልተካልንም።

ሆቴሉ ውስጥ ቁርስ ስንበላ ያገኘናቸው ባልና ሚስት እኛ አውቶቡስ ላይ በነበርንበት ጠዋት ከካትማንዱ በአውሮፕላን መጥተው ነበር፤ ከመስኮቱ ያነሡትንም ፎቶ አሳዩን፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በረዶ፣ ሰማዩ ንጹሕ ሰማያዊ። በኋላም የአውቶቡሱን መንገድ ለመድገም አቅም ስላልነበረን የመመለሻ ትኬት በራሳችን ገንዘብ ልንገዛ አየር ማረፊያው ስንሄድ፣ የአየር መንገዱን ሠራተኛ የመምጫችንን ቀን መዝገብ እንድታይልን ለመንኳት። በረራው በሰዓቱ መሄዱን፣ በእኛ ስም የተያዘ ቦታ ግን በዚያ ቀንም ሆነ በሌላ ቀን አለመኖሩን ነገረችን። እንግዲህ የተሰረዘ በረራ የለም፤ የተቆረጠ ትኬትም አልነበረም። የአገር ውስጥ በረራ ዋጋ ለውጭ ዜጋ ከኔፓላውያን ዋጋ በጣም የሚበልጥ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ያን ዋጋ ነው እኛ ለእናንተ የከፈልነው።

ስለ ደኅንነት የጻፋችሁትን እንደ ቀላል አልመለከተውም። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ፖካራ ሊያርፍ ሲል በወደቀው አውሮፕላን 72 ሰዎች ማለቃቸውን አውቃለሁ፤ ቤተሰቦቻቸውንም አምላክ ያጽናቸው። ነገር ግን በረራውን የሸጣችሁልን ከዚያ አደጋ በኋላ ነው፤ ስጋት ከነበራችሁ ገንዘባችንን ከመቀበላችሁ በፊት ልትነግሩን ይገባ ነበር። ደግሞስ የተተካልን መንገድ በምን መመዘኛ ነው ከአደጋ የራቀ የሚሆነው? በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. የመሬት መንሸራተት ከ60 በላይ ሰዎች የጫኑ ሁለት አውቶቡሶችን ገፍቶ የከተተው እኛም ረጅም መንገድ ዳር ዳሩን በተጓዝንበት በትሪሹሊ ወንዝ ውስጥ ነው። የሰው ሞት ገንዘብ ላለመመለስ ምክንያት ሆኖ መቅረቡ በጣም አሳዝኖኛል።

ይህ ባይመጣ ዝም ብዬ የማልፋቸው ሌሎች ጉዳዮችም ነበሩ። ቪዛ አየር ማረፊያ ላይ እንደምናገኝ ነግራችሁናል፤ ይህ ለብዙ አገሮች ዜጎች እውነት ቢሆንም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን አስቀድሞ ከኤምባሲ ማውጣት አለበት። ደንበኞቻችሁ አብዛኞቹ ሐበሾች ሆነው ሳለ ይህን አለማወቃችሁ ይገርመኛል፤ የሥራ ባልደረባዬ አስጠንቅቃኝ አቡ ዳቢ ወዳለው የኔፓል ኤምባሲ ባንሄድ ኖሮ ከካትማንዱ አየር ማረፊያ በመጣንበት እንመለስ ነበር። ሐይቁን የሚያይ ተብሎ የተከፈለበት ክፍል የሚያየው የጎረቤቱን ሕንፃ የውሃ ታንከር ነው። በሐይቁ መካከል ወዳለው የታል ባራሂ ቤተ መቅደስ የሚወስደው ጀልባ «ተከፍሏል» ተብሎ ሳለ ሁለተኛ ከፈልን። አስጎብኚው ደግሞ በኔፓላውያን የቲሃር በዓል መጨረሻ ቀን እኅቶች ለወንድሞቻቸው ግንባራቸው ላይ ቀለም የሚቀቡበት ሥርዓት ስላለ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። እሱን አልወቅሰውም፤ እኔም ብሆን ለፋሲካ ቤቴ መሆን እፈልጋለሁ። በዓሉ መቼ እንደሚውል ዓመት አስቀድሞ የሚታወቅ ሆኖ ሳለ ተተኪ ያላዘጋጃችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

ቅሬታዬ በከተማዋ ላይ አለመሆኑንም ማስመዝገብ እፈልጋለሁ። ከፖካራ በላይ ወዳለው ሳራንግኮት ኮረብታ በራሳችን ታክሲ ተከራይተን ወጥተን፣ እህቴን ደግፌ ደረጃውን ካለፍን በኋላ፣ ሐይቁ ገና ጨለማ ውስጥ እያለ 6,993 ሜትር የሚረዝመው የማቻፑችሬ ተራራ ጫፉ ብቻ እንደ ፍም ሲቀላ አይተናል። የታክሲው ሾፌርም ሆነ የሆቴሉ ሠራተኞች ለእህቴ ያሳዩት እንክብካቤ ሲታይ የእናንተ ተጠሪ ንግግር እጅግ የሚያሳፍር ነው።

በመጀመሪያ የጠየቅኋችሁ በአውሮፕላኑና በአውቶቡሱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እንዲመለስልን ብቻ ነበር። አሁን ግን ከዚህ ሁሉ ምልልስ በኋላ ለሁለታችንም የተከፈለው የበረራ ዋጋ ሙሉ በሙሉ፣ በራሳችን የገዛነው የመመለሻ ትኬት፣ የክፍሉ የዋጋ ልዩነትና ሁለተኛ የከፈልነው የጀልባ ሒሳብ እንዲመለስልን፣ የቀረው የጉብኝት ቀንም እንዲካስልን እጠይቃለሁ። ትኬቱ ለምን እንዳልተቆረጠ በእርስዎ ፊርማ የተጻፈ ማብራሪያ እንዲሰጠኝ፣ ተጠሪያችሁም ለእህቴ ራሱ ደውሎ ይቅርታ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ፤ ይህ የመጨረሻው በገንዘብ የሚተካ አይደለም።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ በ14 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ፣ ከደረሰኙና ከመልእክቶቹ ቅጂ ጋር አቤቱታዬን ለዱባይ የሸማቾች መብት ጥበቃ አቀርባለሁ፤ ክፍያውንም በካርድ የፈጸምኩ በመሆኑ ባንኬ እንዲያጣራልኝ አመለክታለሁ። ከዚህ በኋላ በስልክ የሚሰጥ ማብራሪያ እንደማልቀበል በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅታችሁ ደንበኛ
(ስምና የውል ቁጥር በተያያዘው ደረሰኝ ላይ ይገኛል)