ልብሶቿን ያሳዩላት ሴት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቅርቡ አክስቴን ቀበርን። በቀብሯ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የተወለደችበት ዘመን፣ ያገባችበት፣ የልጆቿ ቁጥር፤ በቃ፣ አለቀ። ቆሜ ስሰማ ሆዴ ባባ።

እኔ የማውቃት አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ቀጥ ብላ ቤቷ አትገባም። መጀመሪያ የታመመ ትጠይቃለች። አልጋ ላይ የቀረች ጎረቤቷን ለዓመታት ገላዋን ያጠበቻት እሷ ነበረች። ይህን ለልጆቿ እንኳ አልነገረችም። እኛም የሰማነው ለቅሶ ላይ፣ ከጎረቤቷ ልጅ አፍ ነው። አምስት ልጅ እያሳደገች ጊዜውን ከየት እንዳመጣችው አሁንም ይገርመኛል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ያለችው ጣቢታ ትዝ አለችኝ። የኢዮጴ ሴት ናት። በግሪክኛ ዶርቃ ትባላለች፤ ሚዳቋ ማለት ነው። ስትሞት መበለቶቹ ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ የሠራችላቸውን ልብስ አሳዩት። ስለ ባሏ ወይም ስለ ዘሯ አንድም ቃል አልተጻፈም። ምስክሮቿ የለበሱት ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የኀዘን ዓምዳችሁ ላይ ከዘመድ ሌላ፣ በሟች እጅ የተረዱ ሰዎችም እንዲጽፉ ቦታ ስጡ። ቤተሰብም የሕይወት ታሪኩን ከመጻፉ በፊት ጎረቤቶቿንና አብረዋት ያገለገሉትን ይጠይቅ። እኛ አልጠየቅንም። ያን ቀን መናገር የነበረባት ያቺ የጎረቤቷ ልጅ ነበረች።

አንባቢያችሁ