የልጆቻችንን አባት ወገን ላገኛችሁልን ሁሉ

ባለቤቴ ስኮትላንዳዊ ነው፤ የምንኖረውም ኤድንብራ ነው። ልጆቻችን በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ አስጠንታቸዋለች። በአባታቸው በኩል ግን ቅድመ አያት ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይሉ ነበር። ከዚያ በላይ የሚታወቀው አበርዲንሽር ውስጥ በሰው እርሻ ተቀጥሮ የኖረ ሰው እንደነበር ብቻ ነው። ዛሬ የዚያ ሰው እናትና አባት ታውቀዋል። ይህ የእናንተ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ የብሔራዊ መዝገብ ቤቱን ሠራተኞች አመሰግናለሁ። ስኮትላንድ ውስጥ ልደት በመንግሥት መዝገብ መመዝገብ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1855 ጀምሮ ነው። የዚያ ሰው ልደት እ.ኤ.አ. በ1857 ተመዝግቧል፤ የአባት ስም ቦታ ግን ባዶ ነው። እናቱ መጻፍ ስለማትችል በፊርማዋ ፋንታ ምልክት አድርጋለች። እኛ ተስፋ ቆርጠን ልንወጣ ስንል አንዲት ሠራተኛ፣ «የኪርክ ሴሽኑን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ቃለ ጉባኤ እዩ እንጂ» አለችን። ያኔ ሳታገባ የወለደች ሴት በቄሱና በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፊት ቀርባ ስለ ልጁ አባት ትጠየቅ ነበር። ተጠይቃለች፤ ስሙንም ተናግራለች። አብሯት የሚሠራ አራሽ ነው። ያቺ የእርሻ ቤት ሠራተኛ ለብቻዋ እዚያ መቆሟን ሳስብ አንጀቴን በላችው።

ያን ጠመዝማዛ የእጅ ጽሑፍ ያነበባችሁልን የአበርዲን በጎ ፈቃደኞች፣ እግዜር ይስጥልን። ሰውየው በየሕዝብ ቆጠራው ሌላ ቦታ የሚገኝበትን ምክንያት ያስረዳችሁን እናንተ ናችሁ። ያኔ ያላገባ የእርሻ ሠራተኛ የሚቀጠረው ለ6 ወር ነበር። በግንቦትና በኅዳር ገበያ ወጥቶ ከገበሬው ጋር ይዋዋል ነበር። ገበሬው አንድ ሳንቲም እጁ ላይ ካኖረለት ውሉ ታሰረ ማለት ነበር። የሚበላው ከገበሬው ማዕድ ቤት፣ የሚተኛው ፈረሶቹ አጠገብ ባለች ክፍል ነበር። እንዲህ ሲዘዋወር የኖረን ድሃ ዱካውን ማግኘት ቀላል እንዳልነበር የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሳታውቁን በራችሁን የከፈታችሁልን የእርሻው ባለቤቶችም፣ ሻዩንም ጋጣውንም አንረሳም። የፈረስ ማሰሪያው ቀለበት እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ። ልጆቹ እየተፈራረቁ ይዘውት ነበር።

የባለቤቴ አክስት፣ ያረጁትን ወረቀቶች ሳይጥሉ ስላቆዩልን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የሁሉንም ቅጂ አዘጋጅተናል፤ ለሚፈልግ ዘመድ ሁሉ እንልካለን።