ክፍሉ ተገኝቷል፤ የዓመት ስንቁን አብረን እናዋጣ፦ ለሴት ተማሪዎች የጋራ ክፍል የድጋፍ ጥሪ

ለቀድሞ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአስተዳደር ሠራተኞች፣ ለወላጆች፣ እንዲሁም በሙያም ሆነ በገንዘብ ልታግዙ ለምትችሉ ሁሉ፦

በካምፓሱ የሴቶች ዶርም ግራውንድ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎችና ባለ 4 መቀመጫ መጸዳጃ ቤት ለሴት ተማሪዎች አገልግሎት፣ ማለትም ሞዴስ ለማደያ፣ ለማረፊያ፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለምክር፣ ተፈቅደዋል። ስለዚህ ግድግዳና ጣሪያ አንለምንም። የምንለምነው ይህን ክፍል ለአንድ የትምህርት ዘመን፣ ማለትም ለ10 ወር፣ ሳይዘጋ የሚያቆየውን ነው። እንዲህ ያሉ ክፍሎች በሪባንና በጭብጨባ ይከፈታሉ፤ ከዚያ ሞዴሱ ያልቅና የሚተካው ይጠፋል፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሞልቶ ይሸታል፣ ውሃ ይቋረጣል፣ ወይም ቁልፉ በአንዲት ፕሮክተር (የዶርም ኃላፊ) እጅ ብቻ ይሆንና እሷ ፈቃድ ስትወጣ በሩ ተቆልፎ ይሰነብታል። ከአራቱ አንዱ ከተከሰተ ተማሪዎች መምጣት ያቆማሉ፤ ተስፋ ቆርጣ የሄደችን ተማሪ መመለስ ደግሞ ክፍል ከመክፈት ይከብዳል። የዘንድሮው ጥሪያችን ከነዚህ አራት ችግሮች ተነሥቶ የተዘጋጀ ነው።

ትልቁ ወጪ ሞዴስ ነው። የወር አበባ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ እኛ ለዕቅድ 5 ቀን ወስደናል። ሞዴሱ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር ስላለበት በቀን 4 ፍሬ፣ በወር 20 ፍሬ ይሆናል። 10 ፍሬ ከሚይዘው እሽግ ለአንዲት ተማሪ በወር 2፣ በ10 ወር 20 እሽግ ማለት ነው። የመግዛት አቅም ለሌላቸው 300 ተማሪዎች 6,000 እሽግ ያስፈልጋል። ድንገት ለሚመጣባቸው በየመጸዳጃው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ በሳምንት 10 እሽግ፣ በ40 ሳምንት 400 ይሆናል። ደም በብዛት ለሚፈሳቸው መጠባበቂያ 600 ስንጨምር ድምሩ 7,000 እሽግ ይደርሳል። ቁጥሩ ሲታይ ያስፈራል። ሲከፋፈል ግን ቀላል ነው፤ አንድ ሰው 20 እሽግ ከቻለ የአንዲት ተማሪ ዓመት ተሸፈነ ማለት ነው። ከአንድ ጊዜ 200 እሽግ ይልቅ በየወሩ የማይቋረጥ 20 እሽግ ይበልጥብናል፤ ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲከማች እርጥበት ያበላሸዋል፣ አንድ ወር ሲቋረጥ ደግሞ ተማሪዎች በሚቀጥለው ጊዜ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ወስደው ማስቀመጥ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ «ሌብነት ነው» ይባላል። እንደኛ አስተያየት ግን ሌብነት አይደለም፤ ነገ አላገኝም የሚል ሥጋት ነው፤ መድኃኒቱም ቁጥጥር ማጥበቅ ሳይሆን አቅርቦቱን አለማቋረጥ ነው።

የምትገዙት ክንፍ ያለው፣ ፍሬው በየግሉ የታሸገ፣ ሽቶ የሌለበት ይሁን። ሽቶው ቆዳ ያስቆጣል፣ ማሳከክም ያመጣል። ከ5 እሽግ አንዱ ረጅሙ የሌሊት ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው። ስስ የሆነውን የዕለት ፈሳሽ መያዣ ርካሽ ስለሆነ በካርቶን የሚያመጡልን አሉ፤ ደም ስለማይችል በሞዴስ ፈንታ አናድለውም። ከመግዛታችሁ በፊት የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ተመልከቱ፤ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን።

አሰጣጡ ላይም አቋም ይዘናል። ስም እየተመዘገበ ቢሮ ውስጥ የሚታደል ሞዴስ ቢሮው ውስጥ እንደሆነ ይቀራል፤ ወረፋ ይዛ ስሟን አስጽፋ የምትወስድ ጥቂት ናት። ስለዚህ የወሩ ድርሻ በመታወቂያ ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ የድንገተኛው ደግሞ መጸዳጃው ውስጥ ማንም ሳያይ የሚወሰድ ይሆናል። ሦስተኛ እሽግ የጠየቀችን ተማሪ ለምን ብለን አንጠይቅም። ሆኖም አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት እየሞላ ለተከታታይ ሰዓታት ከቀጠለ፣ ወይም ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ፣ የብረት እጥረትና የደም ማነስ ሊያስከትል ስለሚችል ወደ ክሊኒክ እንድትሄድ የሚመክር ጽሑፍ መደርደሪያው ላይ ይለጠፋል። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የትምህርት ተቋማት ሞዴስ በነጻ እንዲያቀርቡ በሕግ አስገድዳለች። እኛ ጋ ሕጉ እስኪመጣ ድረስ መዋጮ ይሠራዋል።

«ታጥቦ የሚያገለግለውን ለምን አትገዙም? ይቆጥብላችኋል» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። እንገዛለን፤ ግን ለጠየቀች ብቻ፣ ደግሞም ሙሉ ስብስብ ሆኖ፦ 6 ጨርቅ ሞዴስ፣ 2 ፓንት፣ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ፣ ሳሙና፣ የማስጫ ገመድና መቆንጠጫ። ባልዲና ገመዱ ከጎደለ ጨርቁ ብቻውን ዋጋ የለውም። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ አለበት፤ ሙቅ ውሃ ደሙን አርግቶ ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። የልብስ ማለስለሻ ክሩን ስለሚሸፍነው ፈሳሽ መምጠጥ ያቅተዋል። ከሁሉም በላይ ፀሐይና ነፋስ ያስፈልገዋል፤ ተማሪዎች ሰው እንዳያይባቸው አልጋ ሥር ወይም በሌላ ልብስ ሸፍነው ሲያደርቁት ሳይደርቅ ይለበሳል፣ ሽፍታም ያመጣል። ስለዚህ ከዶርሙ ጀርባ በሸራ የተከለለ ማስጫ እንሠራለን፤ 4 የብረት ቋሚ፣ 30 ሜትር ገመድና 12 ሜትር ሸራ ይበቃዋል። የወር አበባ ደም ለመያዝ ወደ ውስጥ የሚገባው የሲሊኮን ኩባያ እስከ 12 ሰዓት ስለሚቆይና ለዓመታት ስለሚያገለግል በወረቀት ላይ ከሁሉም ያዋጣል። ግን በየወሩ መቀቀል አለበት፤ ዶርም ውስጥ ደግሞ ምድጃም የግል ድስትም የለም። ለጊዜው አንቀበለውም።

ያገለገለው ሞዴስ የት ይሄዳል የሚለው በብዙ ዕቅድ ውስጥ ይረሳል። ውስጡ ያለው ዱቄት ፈሳሽ ሲነካው አብጦ ጄል ስለሚሆን ሽንት ቤት ውስጥ ከተጣለ ቧንቧ ይደፍናል፤ ፎቅ ላይ ያሉት መጸዳጃዎች በተደጋጋሚ የሚዘጉትም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ቅርጫቱ መቀመጡ ያለበት እያንዳንዱ መጸዳጃ ውስጥ ነው። ኮሪደር ላይ ከሆነ ይዛው ለመውጣት ስለምታፍር መልሳ ቀዳዳው ውስጥ ትከተዋለች። በእግር የሚከፈት፣ ክዳን ያለው፣ 10 ሊትር የሚይዝ ቅርጫት 4፣ ከ2 መጠባበቂያ ጋር፤ ጥቁር ከረጢት በቀን 4፣ በዓመት 1,200፤ ለጽዳት ሠራተኞች ወፍራም የጎማ ጓንት በወር 2 ጥንድ። ጓንቱን አደራ። በርሜል ቀዶ ማቃጠያ እንሥራላችሁ ያሉንን አመስግነን ሸኝተናል፤ ፕላስቲክ ያለበት ነገር በትክክል የሚቃጠለው ከ850 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፣ በርሜሉ ደግሞ ጭሱን ዶርም ውስጥ ከመመለስ ያለፈ አይሠራም። ከክሊኒኩ ቆሻሻ ጋር እንዲወሰድ ማድረጉ ይሻላል፤ ለዚህ የማመላለሻ ወጪ እንፈልጋለን።

ውሃ። በቀን 60 ተጠቃሚ፣ ለእያንዳንዷ 10 ሊትር ብንል 600 ሊትር ነው። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ መስመሩ ቢቋረጥ 3 ቀን ያሻግራል። የሞላ ሮቶ ከ2 ቶን በላይ ስለሚመዝን ማስቀመጫውን የሚሠራ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ሳይሆን ጭነት ማስላት የሚችል መሐንዲስ ቢያየው እንወዳለን፤ ከተማሪዎች መተላለፊያ በላይ የሚቆም ነገር ነውና። ቧንቧዎቹ ዞር ብቻ አድርገው የሚከፈቱ፣ ረጅም እጀታ ያላቸው ይሁኑ። የሚጠመዘዘው ዓይነት ጎማው ቶሎ ይበላል፣ የእጅ ጉዳት ላለባት ተማሪም ያስቸግራል። በየመጸዳጃው አንድ ጆግ ይቀመጣል፤ በውሃ መታጠብ ሃይማኖቷ ወይም ልማዷ የሚጠይቃት ተማሪ ከኮሪደር ቀድታ እንዳትገባ።

የበሩ ደረጃ 3 ነው፤ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 45። በዊልቸር የምትሄድ ተማሪ በራሷ ጉልበት እንድትወጣ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚያስፈልግ ራምፑ (የዊልቸር መወጣጫ ተዳፋቱ) 5.40 ሜትር ይሆናል። ቦታ ለመቆጠብ 3 ሜትር ተደርጎ የሚሠራ ራምፕ ብዙ ቦታ ይታያል፤ እሱ የሚያገለግለው ለፎቶ ነው፣ ወንበሩን የሚገፋ ጠንካራ ሰው ካልተገኘ አይወጣም። ስፋቱ 1.20 ሜትር፣ ላዩ በመጥረጊያ የተጫረ ሻካራ፣ በሁለቱም ወገን መደገፊያ ያለው ይሁን። 50 ኪሎ የሚይዝ 10 ከረጢት ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ለሙሌት ድንጋይ ይበቃዋል። ከውስጥ አንዱን መጸዳጃ ከጎኑ ካለው ጋር ቀላቅለን 1.50 ሜትር መዞሪያ እናገኛለን። ይህ ሲሆን የመጸዳጃው ቁጥር ወደ 3 ይወርዳል፤ አስበንበት የተቀበልነው ነው። በሩ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ክፍት ኖሮት ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ውስጥ የወደቀች ሰው ወደ ውስጥ የሚከፈት በርን በሰውነቷ ትዘጋዋለች። የእጅ መደገፊያው ብረት ብሎኬት ላይ በተራ ቡሎን ከታሰረ ክብደት ሲያርፍበት ይነቀላል፤ ከግድግዳው ማዶ በብረት ሳህን ይታሰር። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በየጊዜው እንዳይፈልጉ ቅርጫቱ፣ ሞዴሱና ጆጉ በሁሉም መጸዳጃ በቀኝ በኩል ይቀመጣሉ፤ የበር ላይ ብሬሉም በአንድ ከፍታ።

ማረፊያው ክፍል ብዙ አይፈልግም፦ 2 አልጋ፣ መጋረጃ፣ 4 የሙቅ ውሃ መያዣ ላስቲክ ከነጨርቅ ሽፋኑ። መጋረጃ የለበሰው ማዕዘን ለሚያጠቡ እናቶች ነው፤ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ የኤሌክትሪክ ሶኬትና አነስተኛ ፍሪጅ። የታለበ የእናት ጡት ወተት ከፍሪጅ ውጭ እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ፍሪጁ በር ላይ ሙቀቱ ስለሚለዋወጥ ወደ ውስጥ መቀመጥና ቀንና ሰዓት መጻፍ አለበት። እናቶች ሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት ሳይቀሩ የሚከታተሉት በዚህች ፍሪጅ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ሊያወራበት ወደማይወደው እንለፍ። ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባት ተማሪ 3 ቦርሳ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። በየቦርሳው ቱታ፣ ፓንት፣ ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ የሞባይል ካርድና ወደ ሆስፒታል መሄጃ የታክሲ ገንዘብ ይኖራል። ቱታው ለምን? የለበሰችው ልብስ ማስረጃ ሆኖ ስለሚወሰድ ነው። ልብሱ የሚቀመጠው በወረቀት ከረጢት ነው፤ ላስቲክ እርጥበት አፍኖ ያሻግተዋል። ሆስፒታል የሚሰጠው የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት መጀመር አለባቸው፤ ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ ይሻላሉ። ስለዚህ ቦርሳው ቁልፍ ጠባቂ አያስፈልገውም፤ የምሽት ተረኛዋ ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን አንሥታ ትሰጣለች። ለማመልከት ወይም ላለማመልከት የምትወስነው ራሷ ተማሪዋ ናት፤ የሕክምናው ሰዓት ግን ውሳኔዋን አይጠብቅም።

የአቻ ለአቻ አማካሪዎች፣ ማለትም ጓደኞቻቸውን የሚያደምጡ ተማሪዎች፣ 20 ይሆናሉ። ሥራቸው ሁኔታውን ማየት፣ ማድመጥና ከባለሙያ ጋር ማገናኘት ነው፤ ማከም አይደለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከሰሙ በዚያው ቀን ወደ ባለሙያ ያደርሳሉ፤ «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይገቡም። ለ3 ቀን ሥልጠና የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ነርስ፣ የሕግ ባለሙያና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በነጻ ጊዜያችሁን ስጡን። አመራረጡ ላይ ጠንቃቃ ነን። ሃያዎቹ ሁሉ ከአንድ አካባቢ፣ ከአንድ ቋንቋ፣ ወይም ከአንድ የትምህርት ክፍል ከመጡ ሌላዋ ተማሪ ክፍሉ የእነሱ ነው ብላ ታልፋለች፤ ይህን ደግሞ ማንም ፊት ለፊት አይነግራችሁም። ቢያንስ አንዷ መስማት የተሳናት፣ አንዷ እናት፣ አንዷ የማታ ተማሪ ትሁን፤ ማስታወቂያዎችም ተማሪዎቹ በሚናገሯቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይለጠፉ። ተርጓሚዎች፣ ይህ የናንተ መዋጮ ነው።

መድኃኒት ወደኛ አታምጡ፤ በቀጥታ ለክሊኒኩ ይሰጥ። ያገለገለ የውስጥ ልብስም አንቀበልም። የተቀባዮችን ፎቶ አንልክላችሁም፣ የለጋሽ ስምም እሽግ ላይ አናትምም፤ በየወሩ መጨረሻ የገባው፣ የወጣውና የቀረው ዕቃ ግን ተቆጥሮ በሁለት ሰው ፊርማ ይለጠፋል። አንደኛዋ ፈራሚ በተማሪዎች የተመረጠች ናት። ቁልፉ ሦስት ቦታ ይቀመጣል፦ ከፕሮክተሯ፣ ከተማሪ ተወካይዋና ከጥበቃ።

ከጠየቅነው ግማሹ ብቻ ቢገኝ የምንጀምረው በሞዴስ፣ በቅርጫትና በውሃ ነው፤ ፍሪጁና አልጋው ይቆያሉ። ራምፑ አይቆይም፤ ግን ኮንክሪቱ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ ሳይረገጥ መቀመጥ ስላለበት ተማሪዎች ለሴሚስተር ዕረፍት ሲወጡ ይሠራል፣ ሲሚንቶውም በዚያው ሳምንት እንጂ ቀድሞ አይምጣ፤ ተከማችቶ ይደርቃል። ገንዘብ የምትሰጡ በሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በየወሩ የምትሰጡ ከሆነ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ወር አስመዝግቡ። ዕቃ የምታመጡ ካርቶኑ ላይ ዓይነቱን፣ ብዛቱንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ጻፉ፤ በመኪና የምትመጡ ከአንድ ቀን በፊት ብትነግሩን የመግቢያ ፈቃዱን በር ላይ ጨርሰን እንጠብቃችኋለን።