ልጁን ወደ አሰላ ስለመላክ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት እናቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የወሊድ ፈቃዴ ሲያበቃ ልጁ ወደ አሰላ መጥቶ እርስዎ ዘንድ በላም ወተት ይደግ ያሉትን ከባለቤቴ ጋር ተመካከርንበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠኝ 90 የሥራ ቀን ብቻ ስለሆነ አዝነውልኝ ያሰቡት መሆኑ ይገባኛል፤ ልጁን ግን አልልከውም።

ሕፃንን ከእናቱ አርቆ ማሳደግ በፈረንሳይ በሰፊው ተሞክሯል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ባለሱቅና ባለሙያ ሚስቶች ሥራቸውን መተው ስለማይችሉ ልጆቻቸውን ገጠር ላሉ ተከፋይ አጥቢዎች ይሰጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1780 የከተማዋ የፖሊስ ሹም ለኑዋር በዓመት ከሚወለዱት 21,000 ያህል ሕፃናት በእናታቸው ጡት የሚያድጉት 1,000 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። አጥቢዋም ለገንዘቡ ስትል የራሷን ልጅ ያለጊዜው ጡት ታስጥለው ስለነበር፣ በአንድ ክፍያ ሁለት ሕፃናት ይጎዱ ነበር። ሞቱ ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የሩሴል ሕግ ከሁለት ዓመት በታች ሆነው ለተከፋይ አሳዳጊ የተሰጡ ልጆች በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲሆኑ ደነገገ።

እርስዎ ያደረጉት ከዚህ ጋር አይገናኝም። የጎረቤታችን ሚስት በወሊድ ስታርፍ ልጇን ከእኔ ጋር ያጠቡት ያለ ምንም ክፍያ ነበር፤ የሰፈሩ ሴቶችም ወተትዎ እንዳይነጥፍ ተራ ገብተው አጥሚት ያመጡልዎት እንደነበር እርስዎው ነግረውኛል። አባቱ በእስልምና ሥርዓት የጡት እኅቱ ስለሆንኩ ልጃቸው ሊያገባኝ እንደማይችል እስከ ዛሬ ለሰው ያስረዳሉ፤ ማን እንደጠየቃቸው እንጃ!

የአሰላን ወተት ጥሩነት አልክድም። ሆኖም የላም ወተት ፕሮቲንና ጨው ለጨቅላ ኩላሊት ይከብዳል፤ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል።

ስለዚህ እርስዎ ወደ አዳማ ቢመጡልን ምኞቴ ነው። ጠዋት ወተቴን አልቤ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ እርስዎ በንጹሕ ስኒና ማንኪያ ያጠጡታል፣ ምሳ ሰዓት ላይ በባጃጅ መጥቼ አጠባዋለሁ። በዚህ ሙቀት ወተቱ ውጭ መቆየት የለበትም። ቅቤና የአብሽ ውኃም እንዳያቀምሱት ከወዲሁ እለምንዎታለሁ። ማራገቢያ ገዝተንልዎታል። የሚነሡበትን ቀን ያሳውቁን፤ ባለቤቴ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ይቀበልዎታል።

አክባሪ ልጅዎ